ሬሳ ምን ያስቸኩለዋል?

አንድ ቃል ከራሴ ብጨምር ዕድሜዬ ይጠር! ሐኪም ቤቱ ከወንዝ ማዶ በሆነበት፣ ከወንዝ ወዲህ ግን እድር ብቻ በነበረበት መንደር፣ አያ ቢያድግልኝ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ነበረ። ሰው በሞተ ቁጥር ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይነፋል። ሲነፋ ሦስት ኮረብታ አልፎ ያሉ ዶሮዎች ያለ ቀናቸው እንቁላል ይጥሉ ነበር። እናንተ ብትስቁም ዶሮዎቹ አልሳቁም።

ጥሩምባው ከተሰማ ቤቱ የሚቀር የለም። አንካሳው ይሮጣል፤ በድንበር የተኳረፉ ጎረቤታሞች አንድ ሬሳ አብረው ይሸከማሉ፤ ቆጥ ላይ የተኛች ድመት እንኳ ወርዳ ከለቀስተኛው ጋር ትሰለፋለች። አያ ቢያድግልኝ ይህን ከላይ ሆኖ ሲያይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነዋል።

"እንዲያው ሬሳ ምን ያስቸኩለዋል?" ይላል ለራሱ። "የትም አይሄድብን! የሚቸኩለውስ በሽተኛው ነበር። ታዲያ ለማይቸኩለው እየሮጥን፣ ለሚቸኩለው ለምን 'እግዜር ይማርህ' ብለን ቁጭ እንላለን?"

ሚስቱን ሲጠይቃት "አንተ ጥሩምባህን ንፋ" አለችው።

በመኸር ወቅት አንድ ማለዳ ጎረቤቱ አዳሙ እያለከለከ መጣ። ሚስቱ ይታይሽ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። አዋላጇም "ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ወንዝ አሻግሯት" ብላ እጇን ታጥባለች።

"ቤት ለቤት ዞርኩ፣ አያ" አለ አዳሙ። "ሰው ሁሉ አውድማ ላይ ነው። 'ማርያም ትድረስላት' ብለውኝ ወደ ውቂያቸው ይመለሳሉ። የእድሩን ቃሬዛ ብለምን ዳኛው ከለከሉኝ፤ የሬሳ ነው አሉ።"

አያ ቢያድግልኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩምባ ቀና ብሎ አየ። ዐምና ለይታይሽ እህት ጥሩምባ የነፋው እሱ ነበር፤ እሷም በምጥ ነው የሄደችው። የእድሩን ሕግም ያውቃል። ሰው ሳይሞት ጥሩምባ የነፋ ከእድር ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ደግሞ ሲሞት ቀባሪ የለውም። ለሽማግሌ ከዚህ የባሰ ቅጣት ከየት ይመጣል?

ጥሩምባውን ከግድግዳ አወረደና ኮረብታውን ወጣ።

ሲነፋ መንደሩ ገንፍሎ መጣ። በሬዎቹ ያለ ነጂ አውድማው ላይ እየዞሩ ቀሩ፤ እስከ ዛሬም የሚዞሩ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ደረሱ። የእድሩ ዳኛ ባላምባራስ ወንድይራድ ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበው ከፊት ቆሙ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም።"

"እንዴት ማንም?"

"ትንሽ ቀድማችሁ መጣችሁ፣ ባላምባራስ። ይታይሽ ናት፤ እዚያ ከኮረብታው ሥር ጎጆዋ ውስጥ አለች። ሣሩ ላይ አረፍ በሉና ጠብቋት፤ እስከ ማታ ትደርስላችኋለች።"

አንዲት ሴትዮ የጀመረችውን ሙሾ መሀል ላይ ዋጠችው።

"ቀለድክብን!" ብለው ዳኛው ጮኹ። "ሕጉን ታውቃለህ!"

"አውቃለሁ። ሰርዙኝ። ሬሳዬን ጅብ ይብላው፤ እኔ እንደሁ አላየው። ብቻ ቃሬዛውን አውጡት።"

"በሙታን አልጋ ላይ ነፍስ ያለው ሰው? ሟርት ነው!"

ይሄኔ ይታይሽ ከጎጆዋ ውስጥ፣ በምጥ መሀል፣ "የምተኛበት እኔ! ሟርቱም የኔ! እናንተን ማን ተኙ አላችሁ? አምጡት!" ስትል ተሰማች።

ከዚህ በኋላ የሚከራከር ጠፋ። ዳኛው የቃሬዛውን ቤት ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ በቀብር ጊዜ እንደለመዱትም የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ራሳቸው ያዙ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱና ተከተሉ። እየተፈራረቁ ተሸክመው ሲሮጡ፣ ከፍጥነታቸው የተነሳ ወንዙ እግራቸውን ለማርጠብ ጊዜ አላገኘም። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ነርሷ ብቅ ብላ ያን ሁሉ የሚያለከልክ ሕዝብ አየችና "ከናንተ በሽተኛው የትኛው ነው?" አለች።

አያ ቢያድግልኝ ኮረብታው ላይ ቀርቶ ነበር። ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ደግሞ እንዳያስነፋው ፈጣሪውን ይለምናል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዝ ማዶ የጨቅላ ልቅሶ ሰማ። በዚያ ርቀት እንዴት ይሰማል አትበሉኝ፤ ሰማ። ሴት ልጅ ነበረች። "ተተኪዬ መጣች" አለና ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። እናቲቱም ከነነፍሷ ተመለሰች።

እሁድ እድሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ቅጣቱን ሊሰማ ጥግ ይዞ ቆመ።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሕጉ ይሰረዝ ይላል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግን እሱን ከሰረዝን ነገ እኔ ስታመም ማን ይነፋልኛል? ሚስቴ እንደሆነች ለኔ ብላ ኮረብታ አትወጣም።"

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ሕጉ ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ለሞተ ሰው ረጅም ጥሪ፣ ለታመመ ሰው አጫጭር ጥሪ ይነፋ ጀመር። የቃሬዛው ቤትም መቆለፉ ቀረ። በኋላ በኋላ አያ ቢያድግልኝ "ረጅሙን ጥሪ አስረሳችሁኝ እኮ" እያለ ያጉረመርም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያ መንደር ከውጭ የመጣለት ነገር የለም። ቃሬዛውም፣ ትከሻውም፣ ጥሩምባውም ድሮም ነበሩ፤ የጎደለው ቀደም ብሎ መነሳት ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻውማ መጮህ ይችል ነበር። ሐኪሙ ከወንዝ ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙን የሚያሻግረው ትከሻ ግን ከወዲህ ነው። ለመሆኑ የእናንተ ሰፈር ቃሬዛ ተቆልፎ የሚጠብቀው ማንን ነው?

እ... አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። የባላምባራስ ካፖርት ጥቁር አልነበረም፤ ቡናማ ነው። ዶሮዎቹና ወንዙ ግን እውነት ናቸው። እንግዲህ በዕድሜዬ ምያለሁና ሊያጥር ይችላል። ብቻ ጥሩምባው ሲነፋ፣ ሳልሞት ድረሱልኝ።