የደብሪቱ አመድ

ድሮ ነው። ምን ያህል ድሮ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔም አያቴን አልጠየቅኳትም። ወንዛችን ያኔም ነበረ፣ ድልድይ ግን አልነበረውም። ሜዳችን ያኔም ነበረ፣ አስፋልት ግን አልነበረውም። ሰው ያኔም ነበረ፣ ያኔም ይጣላ ነበር። ስለዚህ ሸንጎ ያስፈልገው ነበር።

ቀረብ በሉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። ይህን የማወራችሁ ማዘጋጃ ቤታችን ይፍረስ፣ አዲስ ይሠራ፣ መሀል ከተማውም እንደ አዲስ ይቀየስ ስለተባለ ነው። ይፍረስ፤ እኔ አልጠላሁም። ጣሪያው ያፈሳል፤ ደረጃው ስንቱን ሽማግሌ ጥሏል። ግን ከሱ በፊት እዚሁ አገር የፈረሰ ሌላ ቤት ነበረ። የዚያን ሳትሰሙ ይህን አታፍርሱ።

ይህ እኛ የተቀመጥንበት ቦታ ያኔ ሰንበሌጥ ሜዳ ይባል ነበር። መሀሉ ላይ አንድ የጭቃ ሸንጎ ቤት ነበረ። የሣር ክዳኑ ጠቁሯል። ግድግዳው አብጧል። በሦስት ባላ ተደግፎ ይቆማል። ውስጡ በቀንም ጨለማ ነው፤ ዳኛው የከሳሹን ፊት ከተከሳሹ አይለይም ይባል ነበር። ለፍርድ ይኸ ይሻል ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ዙሪያውን ገበያ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ በአንድ ወገን፣ ሸማኔዎቹ በአንድ ወገን፣ ጨውና ማሩ በላይ በኩል።

ሜዳውን የምትጠርግ ደብሪቱ የምትባል አንዲት መበለት ነበረች። ገበያ በዋለ ማግሥት ትጠርጋለች። ሸንጎ በዋለ ማግሥት ትጠርጋለች። ከየቤቱ የምድጃ አመድ እየሰበሰበች በረግረጉ ላይ ትደፋለች፣ ሰው እንዳያዳልጠው። ሰው ደግሞ ስም ማውጣት ይወዳልና «አመድ አፋሽ» ይላታል። እሷ አትቆጣም፤ ሥራዬ ነው ትላለች።

ሀብቷ አንዲት ጎጆ ነበረች። በሜዳው ዳር፣ በሸንጎው ፊት ለፊት። ከባሏ ጋር ሆነው በእጃቸው የሠሯት ናት። ሁለት ልጆች እዚያ ወለደች፤ ሁለቱም እዚያው ሞቱባት። ባሏም እዚያው ሞተ። ከዚያች ጎጆ በቀር በዚህ ዓለም «የኔ» የምትለው ነገር አልነበራትም። ይህን ያዙልኝ።

አንድ ክረምት የሸንጎው ጣሪያ በችሎት መሀል ወረደ። ማንም አልሞተም። አንድ ከሳሽ ብቻ ከሣሩ ክምር ውስጥ ራሱን አውጥቶ «ነገሬን ገና አልጨረስኩም» አለ ይባላል። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ ገዥ መጥቶ ነበር፤ ባላምባራስ ጓንጉል ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ችኩል ነበረ። ችኩል ደግ ደግሞ አንዳንዴ ከዝግተኛ ክፉ ይብሳል፤ ክፉው እስኪደርስ ትሸሻለህ። ባላምባራስ የወደቀውን ጣሪያ አየና «አዲስ ሸንጎ ቤት በድንጋይ እሠራለሁ፤ ሜዳውንም ወግ አስይዘዋለሁ» አለ። አገሩ እልል አለ።

መጀመሪያ ቦታ መረጠ። ጉብታው ላይ ይሁን አለ። ከዚያ ሆኖ አገሩን ያያል፣ አገሩም ያየዋል፣ ነፋሻም ነው። ሽማግሌዎቹ «መልካም ነው» አሉ። ሽማግሌ ለአዲስ ሹም ሁልጊዜ «መልካም ነው» ይላል፤ እኔም ብዬ አውቃለሁ። ደብሪቱ መጥረጊያዋን ይዛ ከዳር ቆማ ነበር። «አቤት!» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ምን ትያለሽ አንቺ ሴት?» አለ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን ከማስፈለጥዎ በፊት ድንኳን ይትከሉና ለሦስት ሳምንት እዚያው ላይ ያስችሉ።»

ነገሩ አልከበደውም፤ ድንኳን ነበረው። ጉብታው ላይ ተከለ። በመጀመሪያው ሳምንት በበቅሎ የመጡ ሁለት ባለርስቶች ተሟገቱ። በሁለተኛው ሳምንት እነዚያው ሁለቱ ተመልሰው ተሟገቱ። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አልመጣም። ጸሐፊው ደስ አለው። «ጌታዬ፣ በእርስዎ ዘመን አገሩ ሰላም ሆነ! የሚካሰስ ጠፋ!» አለ።

ደብሪቱ ድንኳኑን ልትጠርግ ወጥታ ነበር። ገና ትንፋሿ አልተመለሰም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች።

«አገሩስ ሰላም አልሆነም ጌታዬ» አለች። «ጉልበቱ ነው እምቢ ያለው።»

ባላምባራስ ቁልቁል አየ። ከታች፣ ጣሪያ ከሌለው ሸንጎ ፊት፣ ሰው ቆሟል። በምርኩዝ የቆመ አለ። እርጉዝ አለች። ዳኛ በሌለበት ቆመው ዳኛ ይጠብቃሉ። በማግሥቱ ድንኳኑ ወርዶ ከፍርስራሹ ፊት ተተከለ። አዲሱም ቤት በሜዳው ላይ እንዲሠራ ተቆረጠ።

አሁን ደግሞ የሜዳው ጣጣ መጣ። ባላምባራስ ገመድ አስወጠረ፣ ካስማ አስተከለ። መንገዱ እንደ ገመዱ ቀጥ ይበል አለ። ሸክላ ሠሪዎቹ ከወንዙ ማዶ ይሂዱ፤ ጭቃቸውና ጭሳቸው ለሸንጎ ደጅ አያምርም አለ። ያ ወንዝ በክረምት ሰው ይበላል። ማዶ የሄደ ሸክላ ሠሪ ሦስት ወር ገበያ አይወጣም፤ ሦስት ወር ገበያ ካልወጣ አይበላም። ሸክላ ሠሪዎቹ አለቀሱ። ማንም አልሰማቸውም፤ ሌላው ሁሉ በራሱ ነገር ተይዟል። ጨው ነጋዴው «ሰው ሁሉ የሚመጣው በኔ በኩል ነው፣ መንገዱ በኔ ደጅ ይለፍ» ብሎ ማለ። ባለ ማሩ «በኔ በኩል ነው» ብሎ ማለ። ሸማኔው በአባቱ አጥንት ማለ። ሁሉም ማለ። ሁሉም እውነቱን ሊሆን አይችልም።

ደብሪቱ ዳግመኛ «አቤት!» አለች። አሁን የሳቀው ጥቂት ነው።

«ጌታዬ፣ ሰው በአፉ ብዙ ይምላል። እስቲ እግሩን እንጠይቀው።»

«እግር በምን ይጠየቃል?»

«በአመድ።»

አሥራ ሁለት ቀን ከቤት ቤት ዞረች። ከየምድጃው ዛቀች። ከቀጥቃጩ ቤት ዛቀች። በእንቅብ ተሸክማ አመላለሰች። ፀጉሯ ነጣ፣ ቅንድቧ ነጣ። አንዳንዱ ሰጣት። አንዳንዱ «ምነው ከለመንሽ አይቀር ዱቄት አትለምኝም?» ብሎ ቀለደባት። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን ሸክላ ከሚያቃጥሉበት ጉድጓድ በቁና በቁና ሰጧት፤ የነሱ ኑሮ ነበርና። በገበያው ዋዜማ ካስማው ተነቀለ። ደብሪቱ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገችና አመዱን ነሰነሰችው። ሜዳው ነጭ ሆነ።

ቅዳሜ ገበያ ዋለ። ሰው መጣ፣ ገዛ፣ ሸጠ፣ ተከራከረ፣ ሄደ። ገበያው ሲፈታ ባላምባራስ ከበቅሎው ወርዶ ዱካውን አየ። እሱ ገመድ በወጠረበት አንድም ሰው አልሄደም። በጨው ነጋዴው ደጅ የጨው ነጋዴው የራሱ እግር ብቻ አለ። ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ የሚወስደው ግን ተረጋግጦ አፈር አውጥቷል። ለካ ማሰሮ የማይሰበርበት ቤት የለም።

ከፍርስራሹ ጀርባ ሲደርስ ቆመ። የሴት እግር ነው፤ ባዶ እግር። እስከ ግድግዳው ይመጣል፣ እዚያ ይቆማል፣ ይመለሳል። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ አሥራ አምስት ይሆናል።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ።

«አቤት ሊሉ መጥተው፣ ድንኳኑ ደጅ ላይ የቆመውን ዘበኛ አይተው የተመለሱ ናቸው» አለች ደብሪቱ። «ሁልጊዜ እጠርጋቸዋለሁ።»

ባላምባራስ ይህን ሲሰማ ፊቱን አዞረ። አዲሱ ሸንጎ በጀርባው ሌላ በር ይኑረው፣ በዚያም በር ዘበኛ አይቁም ብሎ አዘዘ። ሸክላ ሠሪዎቹም ከቦታቸው አይነቃነቁ አለ። ዋናው መንገድ ግን ገና ነበረ። ከወንዙ መሻገሪያ ተነሥቶ ወደ ሸንጎው የሚመጣው ትልቁ ዱካ ነው። ለዓይን ያዝ ስላደረገ፣ ነገ ጠዋት እንቸክላለን ብሎ ሄደ።

ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች። ማንም አልተነሣም። ከወንዙ ጀምራ ትልቁን ዱካ ተከተለችው። ዱካው ሰፊ ነው፤ የሕዝቡ ሁሉ እግር አለበት። ቀጥ ብሎ መጣ፣ መጣ፣ ከጎጆዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ውሃ ድንጋይ ሲገጥመው እንደሚያደርገው ለሁለት ተከፈለ፤ ጎጆዋን በግራና በቀኝ ዞረና ከኋላዋ እንደገና ገጠመ። መንገዱ የሷ ቤት ነበር።

ስንት ዓመት ሰው በደጇ ሲያልፍ «እንደምን አደርሽ» ሲላት፣ እሷን ሊጠይቅ ብሎ የሚዞር ይመስላት ነበር። ለካ ጎጆዋ መንገድ ዘግታበት ነው።

መጥረጊያው በእጇ ነው። አመዱ በእግሯ ሥር ነው። አሥር ጊዜ ብትጠርግ ዱካው ይጠፋል። ከእንቅቡ ጥቂት አመድ ብትነሰንስበት ማንም አያውቅም፤ መንገዱም በሸማኔዎቹ በኩል ይዞራል። መልአክ መጥቶ አነጋገራት የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም። መልአክ ቢመጣማ ቀላል ነበር። አያቴ ያለችኝ እንዲህ ነው፤ ደብሪቱ አለቀሰች። ማንስ አያለቅስም? ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ የሞቱባት ቤት ናት። አልቅሳ ስታበቃ መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደገፈችና ሰው እስኪመጣ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ዱካውን አልነካችውም።

ሰው መጣ። ባላምባራስም መጣ። አየ፤ ሁሉም አየ።

«እማማ» አለ ባላምባራስ፤ ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» የተሻገረው ያን ቀን ነው። «መንገዱ እዚህ ጋ ትንሽ ጎበጥ ይበል። የእርስዎን ጎጆ አላፈርስም።»

«አይሆንም ጌታዬ» አለች። «ዛሬ ለኔ ጎጆ ከጎበጠ፣ ነገ ለጨው ነጋዴው አጥር ይጎብጣል፤ ከነገ ወዲያ ለእርስዎ በረት። ሲጎብጥ ሲጎብጥ ሄዶ ሸክላ ሠሪዎቹን ወንዝ ይጨምራል።»

ይህን ብላ ተነሣች። የጎጆዋን ክዳን እጇ ከደረሰበት ጀምራ ሣሩን ትመዝ ጀመር። መጀመሪያ የረዳት የለም፤ ሰው አፈረ። ከዚያ ጨው ነጋዴው ድምፅ ሳያሰማ ሄደና የገዛ አጥሩን ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባ። ያዘዘው የለም። ሸማኔውም አስገባ። ባለ ማሩም አስገባ። ባላምባራስ በረቱን አስነሣ። ሸንጎው በድንጋይ ተሠራ፤ ሁለት በር ኖረው። ሸክላ ሠሪዎቹ የትም አልሄዱም።

ለደብሪቱም አገሩ በደቦ በአንድ ቀን ቤት ሠራላት፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጎን። ምሰሶው አዲስ፣ ክዳኑ አዲስ። ቢሆንም እስክትሞት ድረስ፣ ጠዋት ስትነሣ በድሮው በር በኩል ትዞርና ከግድግዳ ጋር ትጋጭ ነበር ይባላል። ደግ ሥራ አያምም ያላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል።

ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር መንገድ ሲወጣ፣ የሕዝብ ቤት ሲሠራ፣ በገበያ ዋዜማ አመድ ይነሰነሳል። መሐንዲሶች መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ በኋላ በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። አንድ ሰው ደግሞ ተነሥቶ በሌላው ቤት ላይ «ይነሣ፣ ይፍረስ፣ ለልማት ነው» ሲል፣ ያገሬ ሰው ሌላ ክርክር አያውቅም። «አመዱ በደጅህ ሲያልፍስ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እኔም ተጠይቄአለሁ። ምን እደብቃችኋለሁ? አምና የጤና ጣቢያው መንገድ ሲወጣ አመድ ተነስንሶ ዱካው በጓሮዬ ገባ፣ ጌሾዬን በተከልኩበት። ይህን ታሪክ በየሰርጉና በየማኅበሩ ያወራሁ ሰውዬ፣ አመመኝ ብዬ ሦስት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ይርገዱ ምሳዬን አቀረበችና «አንተ ሽማግሌ፣ አመዱ በደጅህ ሲያልፍስ?» አለችኝ። ተቆጣሁ። ምሳውን ገፋሁት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቆጥቼ ቆየሁ። ከዚያ መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁና አጥሬን ነቀልኩ።

ዛሬ ጌሾዬ በነበረበት ሴቶች ሕፃን አዝለው ያልፋሉ። ማን እንደለቀቀላቸው አያውቁም። ሰላምታም አይሰጡኝም፤ የታመመ ልጅ የያዘ ሰው ይቸኩላል። ይለፉ።