የተሳቀበት ለቅሶ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሁሉ እሁድ እሁድ «ቀባሪ አያሳጣህ» የተባለውን ድራማ ሊያይ ቴሌቪዥን ፊት በሚኮለኮልበት ጊዜ፣ ማንያዘዋል የሚባል ተዋናይ ነበር። በድራማው ውስጥ ሌባ ነው። ለቅሶ ቤት እየገባ ከሟች ዘመድ አብልጦ ያለቅሳል፤ ሐዘንተኛው ደረቱን ሲመታ እሱ ኪስ ያወልቃል። ፖሊስ ሲደርስበት ደግሞ የሞተ መስሎ ይጋደማል። አሥራ ሁለት ጊዜ ሞቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነስቷል።

ድራማው የሚቀረጸው በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ ዕድሩ ድንኳን ነበር። ጥሩምባ ነፊው እንኳ የዕድሩ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሊቀረጽ አራት ቀን ሲቀረው ማንያዘዋል ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

«ማንያዘዋል አርፏል! ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው!» ጥሩምባው ተነፋ።

«ደግሞ ሞተ? ያ ሌባ!» አሉ ጎረቤቱ እትዬ ዘርፌ። «በሉ ልብሴን ልቀይር፤ ዛሬስ በቴሌቪዥን ሳልታይ አልቀርም።»

የማንያዘዋል አንድያ ልጅ ስመኝ ይህን ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሰማች። ሰው መጣ፤ ግን ተኳኩሎ መጣ። የድራማው ሰዎች ሊያለቅሱ ሲደርሱማ ሁሉም ቀረጻ ነው ብሎ አመነ።

«እውነት እኮ ነው! አባዬ እውነት ሞቷል!» ብላ ጮኸች።

አጨበጨቡላት። «የአባቷ ልጅ!»

ሬሳው ሲወጣ አንዱ ከኋላ «ጋሼ፣ ፖሊሱ ሄዷል፤ ይነሱ!» አለ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሰው የደነገጠው አፈሩ ሳጥኑ ላይ መውደቅ ሲጀምር ነው።

ካሜራማኑ ጥላዬ የሟች ወዳጅ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ካሜራው ትከሻው ላይ ነው። ያን ሳቅ ሲያይ ማንንም ሳያስፈቅድ ከፈተው፤ ዕንባውን በእጅጌው እየጠረገ እስከ መቃብር ቀረጸ። ኋላ ስመኝን «ይቅር በይኝ። በእውነተኛ ለቅሶ መሳቃቸውን በዓይናቸው ካላዩት አያምኑም» አላት።

ደራሲው ልዑልሰገድ አላለቀሰም፣ አልሳቀም። ሌባው ከሳጥን የሚነሳበትን መጨረሻ ቀደደና ሌላ ጻፈ። በአዲሱ ድርሰት ሌባው እውነት ይሞታል፤ ሰዉ ግን አያለቅስም፤ እስኪነሳ ይጠብቃል። «በለቅሶ መሳቅ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ማፈሩንም እኔ ላስተምራቸው» አለ።

ጥላዬ የቀረጸው ቀብር በድራማው እንዲገባ፣ እሷም እንድትተውንበት ሲጠይቋት ስመኝ ፈቃዷን ሁለት ቀን ከለከለች። ከክፍለ ሀገር የመጡት አክስቷ «ተዪ ልጄ፣ የአባቷን ሬሳ ሸጠች ይሉሻል» አሏት። እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። ድራማው እዚህ ላይ ከቆመ አባቷ በሰው አፍ እስከ ዘላለም መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ባዶው ድንኳን ውስጥ፣ የድራማው ባዶ ሳጥን አጠገብ ለቀረጻ ተቀመጠች። በድርሰቱ የተሰጣት ቃል «አባዬ፣ ተነስ» የሚል ነበር። እሷ ግን፣

«አባዬ፣ አትነስ» አለች። «ብትነሳ እንደገና ይስቁብሃል።»

የመጨረሻው ክፍል እሁድ ታየ። ከተማው እስከ እኩሌታው ሳቀ፤ ከዚያ በየቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ዘርፌ የገዛ ጥርሳቸውን በቴሌቪዥን አይተው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። በማግስቱ ሰፈሩ ጥቁር ለብሶ ስመኝ ቤት ደረት ሊመታ መጣ። በሩን ከፈተችላቸው። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ ግን መለየት አልቻለችም።

ዓመቱ ሲያልቅ ያ የመጨረሻ ክፍል ተሸለመ። ዋንጫው አንድ ነው፤ ሠሪው ይውሰደው ተባለ።

ጥላዬ «እኔ ባልቀርጽ ማን ያምን ነበር?» አለ።

ልዑልሰገድ «ሳቅ ብቻውን ምን ይሆናል? ፍርድ ያደረገው የእኔ ብዕር ነው» አለ።

ስመኝ «እናንተ ድራማ ሠራችሁ፤ እኔ አባቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኩ» አለች።

እትዬ ዘርፌም ከዳር ሆነው «እኛስ? ባንስቅ ኖሮ ምን ትቀርጹ ነበር?» አሉ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ የሰሚዎቹ ነው። ሳያስፈቅድ፣ ግን እያለቀሰ የቀረጸው አለ፤ በራሱ ጥፋት ላይ የጻፈው አለ፤ ሐዘኗን ለካሜራ የሰጠችው አለች። ዋንጫው የሚገባው ለማን ነው?