ድምፅ ማጉያ ለታጠፈ ሳሎን

ደምመላሽ የሦስት ልጆች አባት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት የቀድሞ አስተማሪውን ጋሽ ቢያድግልኝን የግቢያቸውን ጽድ ሲከረክሙ አገኛቸውና የከረመበትን ጥያቄ አወጣው።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ስመክራቸው ይሰሙኛል። ሴቷ ግን አትሰማኝም። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ደግሞ ጭራሽ ትዘጋኛለች። ትዕቢት ነው? ምን ላድርጋት?»

ጋሽ ቢያድግልኝ መቀሱን አስቀመጡ። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ እንዲቀመጥ ጠቆሙትና እንዲህ አሉት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሳሎኑ እንደ ከዘራ የታጠፈ። ቤቱን ሲሠራው ቀጥ ያለ ነበር። በኋላ ታላቅ እህቱ ጉልበቷ ደክሞ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት፣ አንዱን ግድግዳ አፍርሶ በጎን በኩል ቀጠለበትና አልጋዋን እዚያ እጥፋቱ ውስጥ ዘረጋላት። በር ያለው ክፍል ልሥራልሽ ቢላት «ከሰው አትለየኝ» ብላው ነው።

ያሳደገችው ይህች እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክድክ ይል ነበር። ትንሽ ከፍ ሲል ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ትወስደውና ግንቡን ተደግፈው የፊልሙን ድምፅ ያዳምጣሉ። ፊልሙ የህንድ ነው፤ ቋንቋውን አንዳቸውም አያውቁትም። እሷ ግን ዘፈኑንና ለቅሶውን እየሰማች ታሪኩን ከራሷ እየፈጠረች ትነግረዋለች። እሱም አፉን ከፍቶ ይሰማታል። ሀብት ሲያገኝ ታዲያ መጀመሪያ ያሰበው፣ ለእሷ ሲኒማን እቤት ድረስ ማምጣት ነበር።

ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቁ «ክፍሉ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው «ሰፊ ነው» አለ እንጂ ታጥፏል አላለም። የሰው ቁመት የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች መረጠ። ቴሌቪዥኑን ከሁለቱም ወገን እንዲታይ መታጠፊያው ላይ ሰቀለው። ስፒከሮቹን ግን ግራና ቀኝ አቁሞ ፊታቸውን ወደ ሶፋው አዞረ።

ዘመድ ወዳጅ ተሰበሰበ። ድምፁ ሲለቀቅ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ እንግዳው ሁሉ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ሰውየው አንገቱን ወደ እጥፋቱ አስግጎ፣ «እታለም፣ እንዴት ነው?» አላት።

«ደስ ይላል፣ ወንድሜ። እጅህ ይባረክ» አለችው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን የሚያስቅ የአማርኛ ፊልም ይታይ ነበር። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እህቱም ሳቀች፤ ግን ቆየት ብላ፣ የሰዎቹን ፊት አይታ። ሰውየው ይህን ልብ አለና ድምፁን ጨመረው። ሲጨምረው እሷ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳበች። ግራ ገባው። ደከማት እንዴ? ወይስ ፊልሙን አልወደደችውም? እንዲያውም ትንሽ ቅር አለው። ይህን ሁሉ የደከምኩት ለእሷ አይደል ወይ ብሎ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ እህቱን ደግፋ በረንዳ ላይ አወጣቻት። ፊልሙ እንደተከፈተ ነው። ሰውየው ከአልጋው የወደቀ ትራስ ሊያነሳ ወደ እጥፋቱ ገባና፣ እንዲሁ ሳያስበው ቁጭ አለ።

ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ምን እንደሚሉ ግን አይሰማም። የሚደርሰው ጉርምርምታው ብቻ ነው። ነጎድጓዱ ግድግዳውን ዞሮ መጥቶ ደረቱን ይመታዋል፤ ቃሉ ግን ሶፋው ዘንድ ቀርቷል። ለካ ድምፁን በጨመረ ቁጥር የሚጨምርላት ነጎድጓድ ነበር። ትራሱን እንደታቀፈ ፊልሙ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሳም።

እህቱ ስትመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«እንዲያ ለፍተህ፣ ደስ ብሎህ እያየሁህ፣ እንዴት አልሰማሁም ልበልህ?»

በማግስቱ ሁለቱን ግዙፎች አስጭኖ መለሰና በምትካቸው አራት ትንንሽ ስፒከሮች ጠየቀ። ባለ ሱቁ ተገርሞ «ሳሎኔ ሰፊ ነው አላልከኝም?» አለው። «የታጠፈ ነው» አለ ሰውየው፤ እጁንም እንደ ከዘራ አጥፎ አሳየው። ሁለቱን ሶፋው አካባቢ፣ ሁለቱን እህቱ ራስጌ ሰቀላቸው። ድምፁንም ዝቅ አደረገው።

አንድ ወዳጁ መጥቶ ከሶፋው ላይ ተቀመጠና «ምነው፣ የዱሮው ይሻል ነበር እኮ! ወለሉ እንኳ አይነቃነቅም» አለ። ሰውየው ወደ እጥፋቱ አዘነበለ። ጆሮው ወዲያ ነበር። በፊልሙ ውስጥ አንድ አንደበተ ለስላሳ ጎረምሳ ለአንዲት ልጅ ፍቅሩን እየማለላት ነው። ማንም ምንም አልጠረጠረም። ድንገት ከእጥፋቱ «አትመኚው! የባለ ሚስት አነጋገር ነው!» የሚል ድምፅ መጣ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እውነትም ሚስት ነበረችው። ከዚያ ወዲህማ እህቱ አፏ አልተገጠመም። ሰዎቹ ፊልሙን የሚሰሙት እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ብቻ ሆነ። ወንድሟ ግን አንድም ቀን ዝም በይ አላላትም።

ጋሽ ቢያድግልኝ ይህን ተናግረው ወደ ደምመላሽ ዞሩ።

«የሰው ቤት ሁሉ የታጠፈ ነው፣ ልጄ። ወንዶቹ ከፊትህ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ቃልህ ይደርሳቸዋል። ልጅህ ያለችው ከእጥፋቱ ወዲያ ነው። ስትቆጣ ቁጣህ ዞሮ ይደርሳታል። ምክርህ ግን ግድግዳው ጋ ይቀራል። አንተ ደግሞ አልሰማችኝም ብለህ ትጨምርበታለህ። ድምፅህን ከመምረጥህ በፊት ሄደህ እሷ ካለችበት ተቀመጥ።»

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የት እንዳለች አላውቅም» አለ ደምመላሽ።

«እንግዲያው እሱን ጠይቃት» አሉት ሽማግሌው፣ ትከሻውን ይዘው። «ስትነግርህ ግን አደራ፣ አትምከራት።»