የሹሩባ ሠሪዋ መሐላ

ሹሩባ እየሠራች የምትተዳደር አንዲት ሴት የቀኝ ትከሻዋ ጅማት ተበጥሶ ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ ዘንድ ቀረበች። ሰውዬው ከሚሠሩት ይልቅ የሚያወሩት የሚበልጥ ሐኪም ነበሩ። በትንንሽ ቀዳዳዎች ገብተው፣ በካሜራ እያዩ፣ ጅማቱን መልሰው ከአጥንቱ ጋር ሰፉት። ወራት አለፉ፤ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ አላት። ሹሩባ ደግሞ የሚሠራው ራስ ላይ ነው።

"እባክዎ እንደገና ይዩኝ" ብላ ብትለምናቸው፣ "መጀመሪያ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበሽ መስክሪልኝ፤ አለዚያ ተራ አታገኚም" አሏት።

ቀኑ ደርሶ ጋዜጠኞቹ ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰሩም ደረታቸውን ነፍተው፣ "ድሮ ትከሻ እንደ ሙክት ይበለት ነበር። እኔ ግን እንደ ጥልፍ ሠርቼ አዳንኳት!" አሉ።

አንዲት ጋዜጠኛ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብላ፣ "እውነት ድነዋል?" ስትል ጠየቀቻት።

ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጥ ፕሮፌሰሩ በችኮላ ጣልቃ ገቡ። "ካላመናችሁ ትምልላችኋለች! በይ፣ ቀኝ እጅሽን ወደ ላይ አንሺና መዳንሽን በመሐላ አረጋግጪላቸው!"

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻቸውና፣ "ጌታዬ፣ ቀኝ እጄን ወደ ላይ ማንሳት ብችል ኖሮ መሐላው ምን ያደርግልዎት ነበር?" አለቻቸው።