ግራጫው ጥልፍ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። የያዘው ዲጂታል ካሜራ ቢሆንም ልቡ ያለው በድሮ የፊልም ፎቶ ላይ ነበር፤ ያውም በጥቁርና ነጩ። ሲደክም የሚውለው አዲሱ ፎቶ የድሮ እንዲመስልለት ነው። ጥላውን ያጠቁራል፣ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ይነሰንስበታል።

አንድ ነገር ላስረዳ። እንዲህ ያለው ካሜራ ቀለሙን ቢያጠፋውም፣ ከፈለጋችሁ ባለቀለሙን ዋና ምስል ለብቻው ያስቀምጥላችኋል። እሱ ግን ይህን ዘግቶታል። «በፊልም ዘመን መመለሻ ነበረ እንዴ?» ይል ነበር ኮራ ብሎ።

እናቱ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሙሽሮች ስትጠልፍ ኖራ፣ በስተርጅና ለራሷ አንድ ቀሚስ ጠለፈች። ለፋሲካ ለበሰችውና ልጇ ፊት ቆመች።

«አንሳኝ እስቲ የኔ ጌታ፣ ጥልፉ በደንብ ይታይ።»

አነሳት። ካሜራው ጀርባ ላይ ፎቶዋን አየች።

«ጥልፌ የት ሄደ?»

«እንደ ድሮ ሰዎች ፎቶ አደረግኩልሽ'ኮ እማ። ውበቱ እሱ ነው።»

«የድሮዎቹማ ቀለም አጥተው ነው። አንተ ምን አጣህ?»

ሳቀ። «እሺ፣ ሌላ ቀን በቀለም አነሳሻለሁ።»

ክረምቱ ሳይወጣ እናቱ ሞተች። «ልብሴን ለነዳያን ስጡልኝ» ብላ ነበርና ቀሚሱም አብሮ ሄደ።

እህቱ ትርሲት ልታገባ ስትል የእናቷን ጥልፍ በሙሽራ ቀሚሷ ላይ ማስጠለፍ ፈለገች። ጠላፊዋ «ቀለሙን ንገሪኝ» ስትላት ወደ ወንድሟ መጣች።

«ደረቱ ላይ ያለው ወይን ጠጅ ነበር አይደል? ከሱ ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ... አረንጓዴ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበለኝ። ፎቶ አንሺው አንተ አይደለህ?»

ፎቶውን ከፍቶ አጎላው። ግራጫ፣ አጠገቡም ግራጫ። ይበልጥ ባጎላው ቁጥር የሚታየው ራሱ የነሰነሰው ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። እህቱ ትንሽ ጠበቀችና ወጣች።

በሰርጓ ቀን ጥልፍ የሌለው ነጭ ቀሚስ ለበሰች። እሱም ያን ቀን ካሜራውን ወደ ቀለም መልሶት ነበር። ቀሚሱ ላይ ግን የሚያነሳው ቀለም አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ድሮን መውደድ አይከፋም። ነገር ግን ድሮ የነበሩት ሰዎች የጎደላቸውን ነገር እኛ ጌጥ ብለን ስናጠልቀው፣ በእጃችን ያለውን እንዳንጥል እንጠንቀቅ። ፎቶ በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ትዝታም እንደዚያው፤ አጋዥ አይፈልጉም። የምንወዳቸውን ሰዎች ቀለማቸው ሳለ እንያቸው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ እናታችሁ ትናንት የለበሰችው ምን ቀለም ነበር?