ድንበሩ ብቻ የሚነዳት መኪና

አንድ ሾፌር ነበር፤ ስሙ ድንበሩ ይባላል። ከአንድ ደጋ ከተማ ቆላ ወዳለው ገበያ ጠዋት ሰው ጭኖ ይወርዳል፣ ማታ ጭኖ ይወጣል። የሚነዳት መኪና አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበረች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወረድ በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል።

መኪናዋ አመል ነበራት። መሪዋ ሩብ ዙር ያህል በባዶ ይዞራል፤ ጎማው የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ወደ ግራ ትስባለች። ድንበሩ ግን ለምዷታል። ኩርባው ላይ ሳይደርስ አስቀድሞ ይጠመዝዛል፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ይመልሳል፣ ከዚያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛታል። ተሳፋሪው ምንም ሳይሰማው እንቅልፉን ይለጥጣል።

መናኸሪያ ውስጥ ይኸው ነገር ጨዋታ ሆነ። ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ተሰብስበው፣ "እስቲ የድንበሩን መኪና ግቢውን አዙሮ በሩ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ማን ነው?" ይባባላሉ። አንዱ ከአጥሩ ጋር ይላተማል፣ ሌላው የሻይ ቤቱን አግዳሚ ወንበር ይገለብጣል፣ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። በመጨረሻ ድንበሩ ይወጣና በአንድ እጁ አዙሮ ያቆማታል። "አንተ ባትኖር ይቺ መኪና ይሄኔ ቁራሌው ወስዷት ነበር" ይሉታል። ያን ጊዜ አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። ድንበሩ በሌላ በምንም ነገር ተመስግኖ የማያውቅ ሰው ነበርና አንጀቱ ቅቤ ቢጠጣ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው።

አንድ ቀን የፊት ጎማዋ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ስላገኘው ወደ ጋሽ ኃይለየሱስ ጋራዥ ወሰዳት። ጋሽ ኃይለየሱስ ዕድሜውን በመኪና ሥር ተኝቶ የጨረሰ መካኒክ ነው። ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ሰው መሪው ላይ አስቀመጠና ድንበሩን ጠርቶ አጠገቡ አስተኛው።

"መሪ ስትጨብጥ ጎማውን የጨበጥክ ይመስልሃል" አለው። "ጎማው ካንተ እጅ ሩቅ ነው። መሪው ያንን ቋሚ ዘንግ ያዞራል። ዘንጉ ያንን ጥርስ ያለበትን ሳጥን ያዞራል። ሳጥኑ ክንዱን ይገፋል፣ ክንዱ ይሄን አግድም ብረት ይስባል። አግድሙ ብረት ጫፍ ላይ ደግሞ ይቺ አለች፤ ቴስቲና እንላታለን። ጎማውን ይዛ የምታዞረው እሷ ናት። ያንተ እጅ ቃል ይልካል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም፤ ቃሉን የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው። አሁን እያት።"

መሪው ላይ ያለው ሰው ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ። ቴስቲናዋ ውስጥ ያለችው የብረት ኳስ ቤቷ ውስጥ ተንገጫገጨች። ጎማው ግን አልተነቃነቀም።

"ቤቷን በልታ ጨርሳለች" አለ ጋሽ ኃይለየሱስ። "አንድ ቀን ትወልቃለች። ያን ቀን መሪውን እንደ ልብህ አዙረው፣ ጎማው አይሰማህም።"

"ጋሼ፣ እኔኮ ሦስት ዓመት ይዣት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። አመሏ ነው።"

"ብረት አመል የለውም፤ ወይ ደኅና ነው ወይ ታሟል። ዕቃው ከትልቁ ከተማ እስኪመጣ ሦስት ቀን ትቁም፤ በአንድ ጠዋት ሠርቼ እሰጥሃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ልጄ።"

ድንበሩ ከበዓሉ በኋላ አመጣታለሁ ብሎ ወጣ። ሦስቱ ቀን አልከበደውም፤ የመኪናዋ ባለንብረትም አይከለክለውም ነበር። የከበደው ሌላ ነው። ይቺ መኪና ከተሠራች ማንም ይነዳታል። ማንም ከነዳት ደግሞ ድንበሩ እንደ ማንም ነው። ይህን ለራሱ እንኳ ጮክ ብሎ አልተናገረውም። በዓሉ አለፈ፣ ሌላም በዓል መጣ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

ከዚያ በገበያ ቀን ዋዜማ ከቆላ ወባ ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ከአልጋ መነሳት አቃተው። ተሳፋሪው መናኸሪያ ሞልቶ ይጠብቃል። የአንድያ እህቱ የውድነሽ ባል አስናቀ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሳይጠይቅ ቁልፍ የማይነካ ሰው። ተለምኖ ሊነዳላቸው እሺ አለና መጀመሪያ ወደ በሽተኛው ቤት ሄደ።

"ጋሼ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ እሷን ግን አላውቃትም። ምንድን ነው የሚያስፈልጋት?"

ድንበሩ እየተንቀጠቀጠ ብልሃቱን ሁሉ ነገረው። የት ቀድሞ እንደሚጠመዘዝ፣ የት እንደሚመለስ፣ የትኛው ኩርባ ላይ በሁለት እጅ እንደሚያዝ አንድም ሳያስቀር ዘረዘረለት።

"ሌላስ?" አለ አስናቀ።

ድንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሁን ቢናገር መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች፣ "ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?" መባሉ አይቀርም።

"ሌላ የለም። አመሏ ነው" አለው።

መኪናዋ አራተኛው ኩርባ ላይ ገደል ገባች። ሃያ ሦስት ሰው ሞተ። አስናቀም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። በሕይወት ከወጡት መካከል ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ የነበረች አንዲት ሴት ያየችውን ተናገረች።

"ጠመዘዘ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ። መሪው ዞረ፣ መኪናዋ ግን አልዞረችም። 'አትሰማኝም' አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።"

ድንበሩ ትኩሳቱ ሳይለቀው ጋቢ ተከናንቦ እህቱ ከሌሎቹ ሐዘንተኞች ጋር በተቀመጠችበት የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። አስተዛዛኙ እየመጣ፣ "እግዜር አትርፎሃል" ይለዋል። የመናኸሪያ ጓደኞቹ ደግሞ ሊያጽናኑት ብለው፣ "አንተ ብትሆን ኖሮ ታወጣት ነበር" አሉት። አንዱ ያለውን ሌላውም ደገመው። ያ በየቀኑ ሲጠማው የኖረው ምስጋና ያን ቀን እንደ ጉድ ዘነበለት። ጋሽ ኃይለየሱስም መጥቶ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ውድነሽ ጥቁር ለብሳ መጥታ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

"ወንድምዓለም፣ ሰው ሁሉ አንተ ብትሆን ታወጣት ነበር ይላል። የኔ ባል መንዳት አያውቅም ነበር ማለት ነው?"

"ያውቅ ነበር" አለ ድንበሩ።

"ታዲያ አንተ የምታውቀው፣ እሱ ያላወቀው ምን ነበር?"

ድንበሩ ዝም ቢል ምስጋናው የእሱ፣ ጥፋቱ የሟች ሆኖ ይቀራል። ለአንድ አፍታ ይህንንም አሰበ፤ እንዳሰበም እህቱ ከዓይኑ አየችው።

"ቴስቲናዋ አንድ ቀን እንደምትወልቅ አውቅ ነበር" አላት። "ተነግሮኝ ነበር።"

ውድነሽ አልጮኸችም። ደረቷን እንኳ አልመታችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና ሄዳ ከሟቾቹ ሚስቶችና እናቶች መካከል ተቀመጠች። ድንበሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፤ እህቱ ግን አንድም ቀን ደጁን አልረገጠችም፣ እሱም መሪ አልጨበጠም።

ወዳጆቼ፣ የተበላሸን ነገር በብልሃት ይዞ መሄድ ችሎታ ይመስላል፤ ያስመሰግናልም። ብልሹው ግን በውስጡ መበላቱን አያቆምም፣ ዕዳው ብልሃተኛው እጁን ባነሳ ቀን ለተረካቢው ይተርፋል። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ "እሱ ባይኖር ይሄ ነገር አይንቀሳቀስም" የሚባልለት ሰው አለ። ሰውየው ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ታሟል፤ መታመሙንም ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት ለዚህ ነው።

እናንተስ? ለዓመታት እናንተ ብቻ የቻላችሁትን ያን ነገር፣ ነገ ለምትወዱት ሰው ስታስረክቡ የምትነግሩት የአያያዙን ብልሃት ብቻ ነው ወይስ በሽታውንም?