ሰው ያልሞተበት ጡሩምባ

አንድ ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እድሮቿ ግን ሦስት ናቸው፤ የላይ ሰፈር፣ የመሀል ሰፈርና የታች ሰፈር። ሦስቱም የቀጠሩት እሱን ነው፤ ሳንባው የበሬ ነው ይሉታል። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ወደ ቀጣዩ መንደር ያልፋል። የሥራው ሕግ አንዲት ናት፤ የተባለውን ብቻ ይናገራል፣ የአንዱን እድር ነገር ለሌላው አያደርስም። ወሬ የሚያመላልስ ጡሩምባ ነፊ ማን ይቀጥራል?

ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ፤ ከጎርፉ ጋር ኮሌራ መጣ። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሲቀልድ የነበረ ሰው ማታ አይገኝም። ጡሩምባ ነፊው ከንፈሩ እስኪላጥ ነፋ።

እድሮቹ ዝም አላሉም፣ ሐቁን እንናገር። የላይ ሰፈሩ እድር ዳኛ ጠሩትና «የገበያው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ መድኃኒት ልንጨምር ነው። ለእኛ ሰዎች ብቻ ንገር፤ ሌሎቹ ሰምተው እንዳይቀድሙን» አሉት። ነገረ። የመሀል ሰፈሩም ጠሩት፤ ያው መድኃኒት፣ ያው ጉድጓድ። የታች ሰፈሩም እንደዚያው። ገበያው ላይ የተሠራ ሥራ ለሁሉም ይታያላ! ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ሌላው ጉድጓድ ግን ድንበር ላይ ስለሆነ፣ እነዚህ የእነዚያ ነው አሉ፣ እነዚያም የእነዚህ ነው አሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ጡሩምባ ነፊው ሦስቱንም ሰምቷል። አንድ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ሕጉን አስታወሰና ዋጠው።

የገበያው ውሃ ሲቀዳ ዓይን የሚያስለቅስ ሆነ። ሰው ቀመሰው፣ ተፋው። ገሚሱ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ገሚሱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጉድጓድ ሄደ። ከሄዱት አንዷ የጡሩምባ ነፊው አክስት ነበረች፤ እናቱ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው። ሳይውል ሳያድር ወደቀች።

ጤና ጣቢያው አልጋው ሞልቷል። ነርሷ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠችውና «በንጹሕ ውሃ እየበጠበጥክ አጠጣት። ካቋረጥክ ትሞትብሃለች» አለችው።

ከገበያው ቀድቶ አመጣላት። አክስቱ አንዴ ጎንጨት አለችና ፊቷን አጨማደደች።

«ምን በድዬህ ነው በረኪና የምታጠጣኝ? ልብስ መሰልኩህ?»

ከወፍጮ ቤቱ ቀድቶ ሊያፈላ ፈለገ፤ ደጁ ያለው እንጨት ሁሉ በዝናብ ርሷል። የራሱን አልጋ ሰባበረና አነደደ። ውሃው ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ጠጣች። ትንሽ ነፍስ ስትዘራ ምድጃውን አየችና «ዛሬ አልጋውን፣ ነገ በሩን፣ ከዚያ ጣራውን። ከዚያስ አባቴ?» አለችው። ቀጠለችና «ደግሞ ለእኔ ስትነፋ ማለዳ አይሁን። እንቅልፍ እንደምወድ ታውቃለህ» አለች።

ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው መጣ። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቶቻቸውም ያቃስታሉ። እነሱ የሚያነዱት አልጋ እንኳ የላቸውም።

ጡሩምባውን አንስቶ ወጣ። በቀጥታ ወደ ገበያው ጉድጓድ ሄደና በእኩለ ቀን የሞት ጡሩምባ ነፋ፤ ለአንዱ ሰፈር ሳይሆን ለሦስቱም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሦስቱ ዳኞች ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ደረሱ።

«ማን ሞተ?»

«ዛሬ እስካሁን ማንም። አክስቴ ግን መንገድ ላይ ናት፤ ከእሷም በኋላ ብዙ አሉ። ቀደም ብዬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።»

«አብደሃል? በሞት ይቀለዳል?» የላይ ሰፈሩ ዳኛ ከዘራቸውን አነሱ።

አንድ ጣሳ ውሃ ቀዳና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። «ጋሼ፣ ይምቱኝ። መጀመሪያ ግን ይሄን ይቅመሱልኝ።»

ቀመሱ፣ ተፉ፣ ሳል ያዛቸው። ጣሳው ወደ ሁለቱ ዳኞች ዞረ፤ እነሱም ተፉ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ የመሀል ሰፈሩ። «እኛ እንደሆንን በልኩ ነው የጨመርነው።»

«እኛም በልኩ» አሉ የላይ ሰፈሩ፣ ከዘራው ቀስ እያለ እየወረደ።

የታች ሰፈሩ ዳኛ ጣሳውን መሬት አስቀመጡና «እኛም...» አሉ።

«የወፍጮ ቤቱንስ?» አለ ጡሩምባ ነፊው።

ሦስቱ ተያዩ።

እዚያው ጭቃው ላይ ቆመው ሥራውን ተከፋፈሉት። አንዱ እድር የወፍጮ ቤቱን ጉድጓድ ያዘ። አንዱ የገበያውን ውሃ እየቀዳ ሊደፋው፣ እስኪጠጣ ድረስ ሊያጠራው ቆረጠ። ሌላው ደረቅ እንጨት ከየቤቱ ሰብስቦ ለታመሙት ውሃ ሊያፈላ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጡሩምባ ነፊው በየጠዋቱ ጉድጓዱ አጠገብ እየቆመ፣ ማን ዛሬ የት እንደሚውል ለሦስቱም ሰፈር ይለፍፍ ጀመር።

አክስቱ ዳነች። ቀና ስትል የመጀመሪያ ቃሏ «አልጋውን ማን ይተካል?» ነበር። ወሬው ተሰማና ሦስቱም እድሮች፣ ሳይነጋገሩ፣ አንዳንድ አልጋ ላኩ።

እንግዲህ እህቴ፣ «መድኃኒቱም መጣ፣ ሰዉም መጣ፣ በሽታው እንዴት በለጠን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች መድኃኒትም ልብም አልጎደላቸውም፤ አልጋ እስኪተርፍ ድረስ ደጎች ናቸው። የጎደላቸው መነጋገር ነው። የሚያውቀውም ሰው አውቆ ዋጠው። የእናንተ የእርዳታ ድርጅት ሰደርያ ሰማያዊ ነው፣ የዚያኛው ድርጅት ድንኳን ቢጫ። ትናንት ሁለታችሁም እዚሁ መናኸሪያ ሳሙና አደላችሁ፤ እኔ ራሴ ከሁለታችሁም ተቀብያለሁ፣ አልዋሽሽም። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ግን እስከ ዛሬ ሰማያዊም ቢጫም አላዩም። አሁን ሹፌራችሁን ትንሽ ቁም በይው። ወደዚያ ድንኳን ሂጂና «ዛሬ የት ልትሄዱ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ መኪናውን አስነሱ።